ቀንድ አውጣ ስናራባ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ከውሃው በላይ ያለችው አራት ጣት

ድሬዳዋ ውስጥ አኳሪየም ያለበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ዓሣውን አይደለም። ውሃው ከክዳኑ በስንት ጣት እንደሚርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ገንዳው ጢም ብሎ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ባለቤቱም «ቀንድ አውጣዎቼ ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ መራባት ግን አልሆነላቸውም» ይለኛል። እነሱስ በተባዙ ነበር፤ እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ግን የላቸውም።

የማወራው ሚስትሪ ስኔል ስለሚባለው፣ ቢጫም ሰማያዊም ነጭም ሆኖ ስለሚገኘው የአኳሪየም ቀንድ አውጣ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፖማሲያ ዲፉሳ ሲሆን ሀገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ኑሮው ውሃ ውስጥ ነው፤ ልጆቹ የሚፈጠሩት ግን ከውሃው በላይ፣ አየር ላይ ነው። እኛ ደግሞ ሐሳባችን ሁሉ ውሃው ላይ ነው። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች የሚበዙት የሚመጡት ከዚሁ ነው።

ገንዳውን እስከ አፉ መሙላት

በውሃው ወለልና በክዳኑ መካከል ቢያንስ አራት ጣት፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉ። ቀንድ አውጣው በስንጥብ ቢተነፍስም ሳንባም አለው። አንዳንዴ ወደ ላይ ወጥቶ ከአንገቱ አጠገብ ያለውን ቱቦ ዘርግቶ፣ ሰውነቱን ወደ ቅርፊቱ ገባ ወጣ እያደረገ እንደ ወናፍ አየር ሲስብ ታዩታላችሁ። በተለይ በሙቀት ጊዜ ይህ አየር ያስፈልገዋል።

እንቁላሉም የሚጣለው እዚያው ክፍት ቦታ ላይ ነው። አንድ ሌሊት መብራቱን አጥፍቼ በስልኬ ባትሪ እያየሁ ቆይቼ ነበር። ሴቷ መስታወቱን ይዛ ከውሃው ወጣች፤ ቦታ ስትመርጥ ብዙ ቆየች። ከዚያ እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ከቅርፊቷ በቀኝ በኩል እየወጡ፣ በእግሯ እጥፋት ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ዘለላው ይደርሱ ጀመር። ሰዓታት ፈጀባት። ጠዋት ክዳኑ ሥር የማር እንጀራ የመሰለ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ዘለላ ተለጥፎ አገኘሁ።

ክፍት ቦታ ተዉ ስል ክዳኑን አንሱ ማለቴ አይደለም። ክዳን የሌለው ገንዳ ካለ ሴቷ ወጥታ ወለል ላይ ትወድቃለች። በእኛ ከተማ አየር ደግሞ ለማድረቅ ጊዜ አይፈጅም።

ዘለላውን እንደ ቆሻሻ መጥረግ

እህቴ ናት የጠረገችው፤ ሻጋታ መስሏት። አልፈርድባትም፤ ነጭ ለበስ ያለ ሮዝ ነገር ክዳን ላይ ስታይ ማን እንቁላል ነው ብሎ ያስባል? ገንዳውን የሚያጸዳ ሰው ካለ አስቀድማችሁ አሳዩት። ዘለላውን ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ከፈለጋችሁም አንድ ቀን ታገሡ። አዲስ እንቁላል እንደ ጄሊ የለሰለሰ ነው፤ ሲነኩት ይፈርጣል። ከ24 ሰዓት በኋላ ልጣጩ ይጠነክራል። ያኔ ቀጥ አድርጋችሁ ሳትስቡ፣ በጣታችሁ ግራና ቀኝ በቀስታ እያወዛወዛችሁ አላቁት።

እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ማስገባት

ከሁሉም ይህ ነው የሚያሳዝነኝ፤ ከደግነት ስለሚመጣ። ከሳቢያን ሰፈር አንድ ልጅ ደውሎልኝ «ጋሼ፣ ሙቀቱ እንዳያደርቃቸው ብዬ ውሃው ውስጥ አስገባኋቸው፤ መቼ ነው የሚፈለፈሉት?» ሲለኝ አንጀቴን በላው። በውስጡ ያለው ጽንስ የሚተነፍሰው በልጣጩ በኩል ከአየር ነው። ውሃ ውስጥ ሲከቱት ይታፈናል።

ግን ልጁ የፈራው ነገር ልክ ነበር። የድሬ ደረቅ ሙቀት፣ በዚያ ላይ ቬንትሌተር ሲጨመርበት፣ ዘለላውን አድርቆ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ያደርገዋል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ መክተት ቀርቶ እርጥብ አየር መስጠት ነው የሚያስፈልገው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ እወስዳለሁ፤ ክዳኑን በመርፌ አራት አምስት ቦታ እበሳለሁ። ሶፍት በአኳሪየሙ ውሃ አርሼ፣ ጨምቄ ታችኛው ላይ አነጥፋለሁ፤ ዘለላውን ከላዩ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ገንዳው ላይ አንሳፍፈዋለሁ፤ የገንዳው ሙቀት ያኔ ለእንቁላሉም ይደርሰዋል። በቀን አንዴ ከፍቼ አየር አስገባለሁ፤ ሶፍቱ ከደረቀ አረጥበዋለሁ። ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ጠብታ እንቁላሉ ላይ እንዳይወርድ ዕቃውን ትንሽ አዘነብለዋለሁ። እርጥበቱ ከመጠን ካለፈም እንቁላሉ ይበሰብሳልና።

ሊፈለፈል ሲል መጣል

እንቁላሉ በሙቀቱ መጠን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ድሬዳዋ በሞቃቱ ወራት ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ከፍታዋ ከእኛ በብዙ የሚበልጠው ሐረር ላይ፣ ያለማሞቂያ ከሆነ፣ ሦስትና አራት ሳምንት መጠበቅ ነው። ችግሩ የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ነው። ሮዙ ይጠፋል፤ ዘለላው ግራጫ ይሆናል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይታይበታል፣ ልጣጩ ይሳሳል፣ በአጭሩ የሻገተ ይመስላል። ሰውም «ተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል። ያ ጥቁር ነጠብጣብ በልጣጩ ውስጥ የሚታየው የልጆቹ ሰውነት ነው! አንድ ሁለት ቀን ብትታገሡ ከሰናፍጭ ፍሬ ትንሽ የሚበልጡ፣ ቅርፊታቸው የተሟላ ልጆች ይወጣሉ። የእውነት የተበላሸውን በጠረኑ ትለዩታላችሁ፤ ይከረፋል።

ሲወጡ ምሳ ዕቃውን በገንዳው ውሃ ቀስ ብላችሁ ማለቅለቅ ይበቃል። ፊልተሩ መምጠጫ ላይ ስፖንጅ ወይም የሴት ስቶኪንግ ካላሰራችሁበት ግን በማግስቱ ግማሾቹን እዚያ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

አንድ ገዝቶ ልጅ መጠበቅ

ብዙ የየብስ ቀንድ አውጣዎች ወንድም ሴትም ናቸው፤ ይህኛው ግን ወንዱም ሴቷም ለየብቻ ነው። ለጀማሪ ጾታቸውን መለየት ስለሚከብድ አምስት ግዙ። ወንድና ሴት እኩል ዕድል ካላቸው፣ አምስቱም አንድ ዓይነት የሚሆኑት ከ16 አንዴ ብቻ ነው። በሌላ በኩል አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና ፍሬያማ እንቁላል ብትጥል አትደንግጡ፤ ከወንድ የተቀበለችውን ዘር ለወራት ማቆየት ትችላለች።

ውሃውን አፍልቶ መስጠት

የድሬን ውሃ ማንቆርቆሪያ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥሩ ላይ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ያ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ለሻይ ጠጪ ቅር ያሰኛል፤ ለቀንድ አውጣ ግን ቅርፊቱ የሚሠራው ከዚያ ነው። ስታፈሉት ያ ነጭ ነገር ማንቆርቆሪያው ላይ ይቀራል፤ ለቀንድ አውጣው የሚደርሰው ካልሲየሙ የተቀነሰ ውሃ ነው። የታሸገ ውሃም ብዙውን ጊዜ ከቧንቧው ይለሰልሳል፤ ማለትም ካልሲየሙ ያንሳል። እኔ የቧንቧውን ውሃ ነው የምጠቀመው፤ ክሎሪኑ እንዲተን አፉ በተከፈተ ባልዲ 24 ሰዓት አሳድሬ።

ካልሲየም ማነሱን የምታውቁት ቅርፊቱን በቅርብ ስታዩ ነው። አዲስ ቅርፊት የሚያድገው በአፉ ጠርዝ በኩል ነው። ጠርዙ ስስና ተሰባሪ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ነጭ ነጭ ጉድጓድ ከታየ፣ ውሃው ለስላሳ ወይም አሲዳማ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ የውስጡን ስስ ልባስ ልጣችሁ፣ በሙቀጫ ወቅጣችሁ ጨምሩ። አሮጌው ጉድጓድ አይሞላም፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ግን ጤነኛ ይሆናል።

ሙቀቱን መናቅ

ለእነሱ የሚመቸው ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ነው። በግንቦትና በሰኔ የእኛ ቤት ውሃ ከዚህ ያልፋል። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚሟሟው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ቀንድ አውጣውም ይፈጥናል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይራባል፣ ቶሎም ይሞታል። ገንዳውን ከመስኮት አርቁ፣ መሬት አካባቢ አድርጉት። ቀትር ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ የቀዘቀዘ በረዶ አንሳፍፉ፤ ግን ትንሽ ጠርሙስ ይሁን፣ ሙቀቱ በአንዴ እንዳይወርድ።

ሳያውቁ መመረዝ

ይህ ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ባንድ ሌሊት ሁሉንም ስለሚጨርስ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የብልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ለሀገር ትልቅ ግኝት ነው፤ ለአኳሪየም ባለቤት ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። እንዶድ በነካ ባልዲ ውሃ አትቅዱ። ሳሙናና በረኪናም እንደዚያው፤ ለገንዳው ብቻ የሚሆን ባልዲ ይኑራችሁ።

መዳብም ገዳያቸው ነው። ለዓሣ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ የሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥ መዳብ አለ፤ ዓሣው ሲድን ቀንድ አውጣው ያልቃል። የታመመውን ዓሣ በሌላ ዕቃ ለይታችሁ አክሙት።

ሌላው ፍሊት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ትኩሳት ከተማችን ውስጥ ከታየ ወዲህ የወባ ትንኝና የሌላም ትንኝ ነገር ቀልድ አይደለም፤ ሰው ቤቱን ቢረጭ ልክ ነው። ግን ቀንድ አውጣው የሚተነፍሰው ከክዳኑ ሥር ያለችውን ያችኑ አራት ጣት አየር ነው። ከመርጨታችሁ በፊት የአየር ፓምፑን አጥፉ፣ ገንዳውን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ግለጡ። በዚያው ላይ፣ ዓሣ የሌለበት የልጆች ማሳደጊያ ሳፋ ካላችሁ በወንፊት መረብ ሸፍኑት። ደንጊ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትራባው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነውና።

ምግብ ማብዛት

ጎመን፣ ዝኩኒ፣ ካሮት፣ ሁለት ደቂቃ ቀቅላችሁ ስጡ። ቆስጣ አልፎ አልፎ ብቻ፤ ካልሲየሙን የሚያስር ነገር አለው። አታክልቱን መድኃኒት ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችል በደንብ እጠቡ። ያልተበላውን በማግስቱ አውጡ። የማይንቀሳቀስ ቀንድ አውጣ ካያችሁም አንሥታችሁ አሽትቱ። ሽታ ከሌለው መልሱት፤ ቀን ሙሉ ተኝተው የሚውሉበት ጊዜ አለ። የሞተው ሽታው አያሳስትም፤ ውሃውን በአሞኒያ ሳይበክል ወዲያው አውጡት።

ከወንዝ ማምጣት፣ ወደ ወንዝ መጣል

ከወንዝ ወይም ከመስኖ ቦይ ቀንድ አውጣ ለቅማችሁ ገንዳችሁ ውስጥ አትጨምሩ። በሀገራችን ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ጨው በሌለው ውሃ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ጥገኛው ከእነሱ ወጥቶ በውሃ ውስጥ ባለ እጅ ቆዳ በኩል ይገባል።

የበዙባችሁንም ደቻቱ አትድፉ። አንድ ዘለላ 200 እንቁላል ሊደርስ ይችላል፤ ሴቷ ደግሞ በተደጋጋሚ ትጥላለች። ዘመዱ የሆነው ፖማሲያ ካናሊኩላታ በ2020 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ በምዌያ የሩዝ እርሻ ተገኝቶ ገበሬውን አስቸግሯል። የእኛው ያን ያህል አታክልት በላተኛ ባይሆንም ባዕድ ፍጡር ነው። የማትፈልጉትን ዘለላ አንድ ሙሉ ቀን ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ ጣሉ።

ለሳቢያኑ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ 30 ትንንሾች በምሳ ዕቃ ወሰድኩለት። ከመውጣቴ በፊት ገንዳው መስታወት ላይ፣ ከአፉ አራት ጣት ወረድ ብዬ፣ በማርከር መስመር አሰመርኩለት።