ድሬን በጥር አይተው አይወስኑ፦ ክልል ለቀው ድሬዳዋ ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ አያት ቅድመ አያቱን ቢቆጥር አብዛኛው ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ስለዚህ እንግዳን «ከየት መጣህ?» ብላ አታስጨንቅም። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ሰው «ድሬ ማን ይቸገራል!» ይልና ሳይዘጋጅ ይነሳል።

ከተማዋን በቁልቢ ሰሞን አይቶ መወሰን

ብዙ ሰው ድሬን የሚያውቃት ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ለማንገሥ ሲመጣ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ለስላሳ ነው፤ ማታ ቀለል ያለ ሹራብ ያስለብሳል። በከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጡ «እዚህማ መኖር ነው» ማለት ያኔ ቀላል ነው። ዕቃ ተጭኖ ሲመጣ ግን የሚቀበሉት ግንቦትና ሰኔ ናቸው። ከተማዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በእነዚህ ወራት የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ከቀኑ ይልቅ ሰውን የሚያደክመው ሌሊቱ ነው፤ ቀን ሙሉ የጋለ ግድግዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን ይተፋል።

ለመወሰን ከመጡ በግንቦት ይምጡ፤ አንድ ሳምንት ይሰንብቱ፤ ማረፊያዎ አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ይሁን። ሙቀቱ አልሆነልኝም ካሉ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ማታ ጋቢ ታስደርባለች። «ሐረር አድሬ ድሬ እሠራለሁ» የሚለው ዕቅድ ግን በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ በየቀኑ ሁለቴ መውጣትና መውረድ፣ በክረምት ጉም ውስጥ፣ ወር ሳይሞላው ያስጠላል። ሐረር ውስጥም ቤት ሲፈልጉ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ የከተማዋ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ በፓምፕ የሚገፋ ነው።

ቤትን በኪራዩ ዋጋ ብቻ መምረጥ

ድሬ ላይ ርካሽ ቤት ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። ሦስት ነገር ይመልከቱ።

መጀመሪያ ጣሪያውን። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀትር ላይ ምጣድ ነው። ኮርኒሱ ካለ ደግሞ በእሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ መኖሩን ይዩ። መኝታ ቤቱ ወደ ምዕራብ ከዞረ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ያገኘዋል። ቤቱን ማየት ያለብዎ በዘጠኝ ሰዓት እንጂ በጠዋት አይደለም፤ ደላላ በጠዋት የሚያሳየው ያለ ምክንያት አይደለም። ግቢ ያለው ቤት ተጨማሪ ብር ቢያስከፍልም ያዋጣል፤ በሙቀት ወራት ብዙ ሰው የሚያድረው ውጭ ነው።

ሁለተኛ ወንዙን። ደቻቱ የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው ወንዝ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ስለሆነ አዲስ ሰው ወንዝነቱን እንኳ ይጠራጠራል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራሮቹ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሌሊት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የሞተው በእንዲህ ዓይነቱ ጎርፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ቢሆንም ወደ ደቻቱ ወይም ወደ ገባሮቹ ጠጋ ያለ ቤት ከመከራየትዎ በፊት በሰፈሩ የቆየ አንድ ሽማግሌ ይፈልጉና «የ98ቱ ውሃ እስከ የት ደርሶ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በጣት ያሳዩዎታል።

ሦስተኛ ውሉን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። «የስድስት ወር በአንዴ ካልከፈልክ» የሚል አከራይ ከገጠመዎ ሕጉን ይጥቀሱለት። ያልተመዘገበ ውል ሌላም መዘዝ አለው፤ ቀበሌ ነዋሪነት ሲጠይቁ አድራሻዎን የሚያሳዩበት ወረቀት ያጣሉ።

ውሃ አጠራቅሞ ክዳኑን መርሳት

ውሃ ስለሚቋረጥ በርሜል ወይም ሮቶ መግዛት ግድ ነው። አዲስ ነዋሪ የማያውቀው እነዚህ ዕቃዎች ትንኝ እንደሚያሳድጉ ነው። የደንጊ ወረርሽኝ በ2006፣ የቺኩንጉንያ በ2011 መጨረሻ ድሬን አዳርሷል። የሁለቱም አስተላላፊ ትንኝ በንጹህ የተጠራቀመ ውሃ የምትራባና በቀን የምትነድፍ ናት፤ ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። በ2014 የወባ ወረርሽኝ ያስነሳችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝም እንዲሁ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ፣ በበጋም ጭምር ትራባለች።

በርሜሉን ገጥሞ በሚዘጋ ክዳን ወይም በወንፊት ጨርቅ ይሸፍኑ። በየሳምንቱ ባዶ አድርገው የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ይፈትጉ፤ እንቁላሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆም ለወራት ስለሚቆይ ውሃውን መድፋት ብቻ ዋጋ የለውም። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዘዎ ሳይመረመሩ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ፓራሲታሞል ወስደው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የድሬ ውሃ ኖራም ይበዛበታል። ሳሙና አረፋ አይሰጥም፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። አቼቶ ወይም ሎሚ ጨምረው ቢያፈሉት ይለቃል።

ወረቀቱን ጥሎ መምጣት

ይህን ስህተት ለማረም የመልስ ትኬት ያስፈልጋል። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ማንነትዎን ያረጋግጣል እንጂ ነዋሪነት አይሰጥም። ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ካላወጡ አዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ላይሰጥዎ ይችላል። መሸኛውን ሲያወጡ የልጆችን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃም በዚያው ይጨርሱ። የንግድ ፈቃድ ካለዎት በሕጋዊ መንገድ ይመልሱ ወይም አድራሻ ያስቀይሩ፤ ሱቅ ስለተዘጋ ግብር አይቆምም።

ሥራን በስልክ መልቀቅ

የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ሳይሰጥ የሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊከፍል ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ መውሰድ መብትዎ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ማስላክ ግን ወራት ይፈጃል። የጡረታ መለያ ቁጥርዎንም ይዘው ይምጡ፤ የእርስዎ 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ በዚያው ቁጥር እንዲቀጥል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ከመልቀቅዎ በፊት ዝውውር ይሞክሩ።

በነጻ ንግድ ቀጠናው ዜና ብቻ ተነስቶ መምጣትም አይመከርም። ቀጠናው በ2014 ተመርቋል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹም አሉ። የሥራ ማስታወቂያ እስኪወጣ የሚያኖር የሦስት ወር ወጪ ከኪራዩ ቅድመ ክፍያ ውጭ ካልያዙ ግን ወደ ቀን ሥራ መግባት አይቀርም፤ በድሬ ፀሐይ የቀን ሥራ ደግሞ ለለመደውም ከባድ ነው።

ልጆችን በዓመቱ አጋማሽ ማዛወር

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና በየክልሉ ነው የሚዘጋጀው፤ የማስተማሪያ ቋንቋውም ይለያያል። ድሬ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሰፈር ከመምረጥዎ በፊት የልጅዎን ቋንቋ የያዘው የት እንደሆነ ያረጋግጡ። በእነዚህ ክፍሎች ያለ ልጅ ካለዎት ፈተናው ይለፍ።

ብርድ ልብስ መጫን፣ በስምንት ሰዓት ቀጠሮ መያዝ

ወፍራም ብርድ ልብስና የውሃ ማሞቂያ ቦታ ያባክናሉ። ቬንትሌተር ታይዋን ገበያ ያገኛሉ።

ጉዳይ ሁሉ በጠዋት ያልቃል። ከቀትር በኋላ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ሰው ወይ እንቅልፍ ላይ ነው ወይ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ። ቀፊራ ገበያም ለአትክልት በጠዋት ነው የሚሄዱት። ባለሱቋ በዕድሜ የሚበልጧትን እናትዎን «አንቺ» ብትላቸው ደግሞ አይቆጡ፤ የድሬ ሰው «አንቱ» አይቀናውም፤ እንዲያውም «አንቱ» ሲልዎ ነው ምን አጠፋሁ ብለው መጠየቅ ያለብዎ።