ቡናን በሙዝ ጥላ ማሳደግ

ሙዝ ግንድ ቢመስልም እንጨት የለውም፤ ቆርጠው ቢያዩት ቅጠል በቅጠል ላይ ተጠቅልሎ ነው የቆመው። አንዴ አፍርቶ ይሞታል፣ ከሥሩ በሚበቅሉት ልጆቹ ይተካል። ቡና ግን ከተተከለ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ማፍራት ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ቡናው የማሳው ባለቤት፣ ሙዙ ጊዜያዊ ጥላ ይሁን። እንደ አርባ ምንጭ ቆላ ያለ የሙዝ ምርት ግን በቡና ወይናደጋ አይጠብቁ፤ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል።

ለቡናው 60 ሴንቲ ሜትር ጎንና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ዝናብ ከመግባቱ 2 ወር ቀድመው፣ በ2 ሜትር ርቀት ይቆፍሩ። የላዩን አፈር ለብቻ ያስቀምጡና ከብስባሽ ጋር መልሰው ይሙሉበት። ሙዙን በረድፎቹ መካከል በ6 ሜትር ርቀት፣ ከቡናው አንድ ዓመት ቀድመው ይትከሉ። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የቀጠነውን ልጅ ይምረጡ፤ ትንሽ ሆኖ ቅጠሉ የሰፋው ደካማ ነው። ሥሩን ልጠው ሲያዩት ነጭ መሆን አለበት። ቡናማ ቦይ ካለበት ነቀዝ ገብቶበታልና ይጣሉት።

አብዛኛው ማሳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሙዙ ሳይቀነስ ይቀርና በበጋ የቡናውን ውሃ ይሻማዋል። በአንድ ጉድጓድ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ብቻ ይተው። የተቆረጠውን ሙዝ ከትፈው ይጎዝጉዙት፤ ሙዝ ከአፈር የሚወስደው ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ብዙ ነው፣ ከማሳው ፍሬው ብቻ ይውጣ። ጉዝጓዙ የቡናውን ግንድ አይንካ። ዋንዛው ወይም ብርብራው ጥላ ሲሰጥ ሙዙን ቀስ በቀስ ያንሱት።

ቡናው አጠገብ በጥልቀት አይቆፍሩ፤ መጋቢ ሥሮቹ ላይ ላዩን ናቸው። በገጀራ የቆሰለ ግንድ ለቡና አድርቅ በሽታ በር ይከፍታል። የታመመውን ነቅለው እዚያው ያቃጥሉ፤ ገጀራውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሳያልፉ በእሳት ይለብልቡት።

ለገበያ የሚመረተው ሙዝ በአመዛኙ ካቬንዲሽ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ሁሉም የአንድ ተክል ቅጂ በመሆኑ አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል። ሙዝን የሚያደርቀውና በአፈር ለዓመታት የሚቆየው የፓናማ በሽታ አስፈሪ የሆነውም ለዚህ ነው። ከማያውቁት ማሳ ችግኝ አያምጡ። የቡና ሀብት ግን በከፋና በያዮ ደኖች ያለው ልዩ ልዩ ዝርያ ነው። ቡና በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚብሰው በእጥበት ጊዜ፣ ገለባውና ውሃው ወንዝ ሲገባ ነው። ገለባውን ከሙዝ ቅጠል ጋር እየደረደሩ ይከምሩ፣ በየ2 ሳምንቱ ያገላብጡ፤ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲያመጣ ለቡናው ይሰጣል።