ቦይ እያለን ለምን በጎርፍ እንጥለቀለቃለን? ከክረምት በፊት ልንተዋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ፣ ዝናቡ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሰፈራችን ያለው ማንሆል ውሃ መዋጥ አቆመ። ብሶም ይተፋ ጀመር። ክዳኑ እየተነሳ እየወደቀ ኳ ኳ ይላል። ታችኛው ቤት ያሉ አንዲት እናት ፍራሻቸው ሳይቀር ራሰ። ጎረቤት ተሰብስቦ በባልዲ ሲቀዳ አመሸ።

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ አዲስ በተሠራ ሰፈር ነው። ቦይም ቱቦም አለን። ጎርፉ የመጣብንም በእነሱ በኩል ነው። ቦይ ውሃ አያጠፋም፤ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ያሻግራል እንጂ። ከተማችን ደግሞ ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ 2,100 ገደማ። ላይ ያለው ቶሎ የለቀቀው ውሃ ታች ያለው ሰው ሳሎን ይገባል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የወረደው ጎርፍ 7 ሰው ገድሏል። ስለዚህ ነገሩ የጭቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የተዛቀውን ደለል ቦዩ ዳር መከመር

ይሄኛው በጣም ያንገበግበኛል። ሰኔ ሲገባ ወጣቶች አካፋ ይዘው ይወጣሉ። ደለሉ ይዛቅና እዚያው ዳር ይቆለላል። መኪና መጥቶ ያነሳዋል ይባላል። ከመኪናው በፊት ዝናቡ ይመጣል፤ የሁለት ቀን ልፋት በአንድ ሌሊት ተመልሶ ቦይ ውስጥ ይገባል።

ዘንድሮ እኔም አብሬ ወጣሁ። ከአንዲት ሜትር ቦይ ውስጥ ብቻ የሃይላንድ ላስቲክ፣ ፌስታል፣ የልጅ ጫማ፣ ሲሚንቶ የደረቀበት ማዳበሪያ አወጣን። ከሁሉም የበዛው ግን አሸዋ ነው። ቆሻሻ ጣዩን ስንረግም ቦያችንን በዋናነት የደፈነው ቤት ሲሠራ ደጅ ላይ የተደፋው አሸዋ ሆኖ ተገኘ። ቤት የምትሠሩ፣ እባካችሁ አሸዋውንና ገረጋንቲውን በሸራ ሸፍኑት፣ ዙሪያውንም ብሎኬት ደርድሩበት። ጽዳቱ ግንቦት ላይ ይሁን። አካፋ ከመነሳቱ በፊት ደለሉ የሚጫንበት መኪና ወይም ጋሪ ይገኝ።

በር ላይ ቀጭን ቱቦ መቅበር

መኪና ለማስገባት ቦዩ መሸፈን አለበት፤ ይገባኛል። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንቀብረው በርካሽ የተገኘውን ቱቦ መሆኑ ነው። የቱቦ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የሚያሳልፈው ውሃም በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል። አይደለም። ባለ 60 ሳንቲም ቱቦ ከሚያሳልፈው ውሃ ባለ 30 ሳንቲሙ የሚያሳልፈው አንድ ስድስተኛውን ያህል ነው። አንድ ፌስታል አፉ ላይ ሲለጠፍበት ደግሞ አለቀ። መንገዱ ሁሉ በሰፊ ቦይ ቢሠራ እንኳ አንድ በር ብቻውን ያንቀዋል። የሚሻለው ቦዩን ሳይነኩ ከላይ የሚነሳ ስላብ መጣል ነው። ሲደፈን ተነስቶ ይጠረጋል።

አሸንዳን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት

የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር የተሠራው ለቤት ፍሳሽ ነው። የጣሪያ ውሃ ሲጨመርበት ይሞላል። ሲሞላ ወደ ኋላ ይገፋል፣ የሚወጣውም ዝቅ ባለው ቤት የሻወር ወለል ላይ ነው። የአንዱ ጣሪያ ውሃ ከሌላው ቤት ሽንት ጋር ተቀላቅሎ ማለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ሽንት ቤትን በስውር ከጎርፍ ቦይ ጋር የሚያገናኝ ሰው። ልጆች እዚያ ውሃ ውስጥ ይጫወታሉ። ይሄ ሳይታወቅ የሚፈጸም ስህተት አይመስለኝም፣ ዝም ተብሎ መታለፍም የለበትም።

ግቢን በሙሉ ሲሚንቶ ማልበስ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 150። ግቢው አፈር ቢሆን የተወሰነውን ይመጥ ነበር። ሲሚንቶ ከሆነ ግን ሁሉም እንዳለ በር ላይ ይወጣል። የመኪናው መቆሚያ ይለበስ፣ አጥሩ ሥር ያለውን መሬት ግን ለሣር ተዉለት። አሸንዳውን ደግሞ ወደ ሮቶ መልሱት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ልብስ የሚታጠብበትን ውሃ ለጎረቤት ጎርፍ ማድረግ ያሳዝናል።

"ትልቅ ቱቦ ይቀበርልን" ብቻ ማለት

በየስብሰባው የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። እኛ ጋ የሰፋው ቱቦ ግን ታች ካለው ጠባብ ቱቦ ጋር ሲገናኝ ጎርፉ አይቀርም፤ ሰፈር ይቀይራል እንጂ። ከቱቦው እኩል ውሃውን ለጥቂት ሰዓት የሚይዝ ዝቅ ያለ ሜዳ፣ ያልታጠረ የወንዝ ዳርም መጠየቅ አለብን።

ጎርፍ መሀል ማንሆል መክፈት

ውሃው ቶሎ እንዲሄድ ብለን እናደርገዋለን። አታድርጉት። ቱቦው ከሞላ መክፈቱ ምንም አይጠቅምም፣ በድፍርስ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጉድጓዱ አይታይም። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ ቁርጭምጭሚት አልፎ ትንሽ ከፍ ካለ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ ልጅማ በእጅ ይዛችሁም አታሻግሩ። ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ካያችሁ እስኪተካ ድረስ ቅጠል ያለው ረጅም እንጨት ትከሉበት። ምን ማለት እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።