አሮጌና አዲስ ፊልም አከታትሎ ለማየት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ፊልም ከማየቴ በፊት ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አደርጋለሁ፤ መብራት ሰዓት አይመርጥም። መጋረጃው ከሳሳ ጋቢ ደርቡበት።

በአሮጌው ጀምሩ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ታገሡ። ገበሬው በሬ ጠምዶ ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም። እናንተም አትቸኩሉ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የእርሻ ምስል አላየሁም።

በማግስቱ «ድፍረት»ን እዩ፣ እ.ኤ.አ. የ2014 ነው። ስለ ጠለፋ ስለሆነ ብቻችሁን ባታዩት ይሻላል። እኔ ከእናቴ ጋር አየሁት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ፊልሙ አለቀ። ጠበቃዋን ወድጃታለሁ፤ ልቤን የያዘችው ግን የተጠለፈችው ልጅ ናት።