ቤቱ ሲዞርብዎ፦ የማዞርን ምክንያት እንዴት መለየትና ማስታገስ ይቻላል

ሌሊት አልጋ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይገላበጣሉ። ድንገት ጣሪያው መሽከርከር ይጀምራል፤ ፍራሹን በሁለት እጅ ጨምድደው ይይዛሉ፤ ያቅለሸልሽዎታል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ድንጋጤው ግን አብሮ ያድራል። እንዲህ የሆነበት ሰው ቶሎ የሚመጣበት ሐሳብ የጭንቅላት ዕጢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው፤ የሚስተካከለውም ያለ መድኃኒት ነው።

1. «ያዞረኛል» ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ ይለዩ

ይህ አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ቤቱ ወይም እርስዎ ራስዎ የሚሽከረከሩ ከመሰለዎት ይህ በሕክምና ቨርቲጎ የሚባለው ነው። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ዓይንዎ ላይ ጨለም ብሎ ጥውልውል ካደረገዎት ግን የደም ግፊትዎ ሲነሱ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ተቀምጠው ደህና ሆነው ሲራመዱ ብቻ የሚንገዳገዱ ከሆነ ምክንያቱ ከእግር ነርቮች ወይም ከአንጎል ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ፊት «ያዞረኛል» ብለው ዝም አይበሉ፤ የትኛው እንደሆነ ይንገሩት። ግማሹ ሥራ በዚህ ያልቃል።

2. በጆሮ ውስጥ የሚሆነውን ይረዱ

አንጎል ሚዛናችንን የሚጠብቀው ከዓይን፣ ከጡንቻና መገጣጠሚያ፣ እንዲሁም ከውስጥ ጆሮ በሚደርሰው መልእክት ነው። በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ የሞላባቸው 3 ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ድንገት ቢያዞሩት ውሃው ወዲያው አይከተልም፤ ወደኋላ ይቀራል። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽም እንዲሁ ነው፤ አንጎል ራስ መዞሩን የሚያውቀው በዚህ ነው።

ከቱቦዎቹ አጠገብ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይገኛሉ። በዕድሜ፣ ጭንቅላት በመመታት ወይም ያለ ግልጽ ምክንያት ይላቀቁና ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሲገላበጥ ወይም ቀና ሲል እየተንከባለሉ ፈሳሹን ይገፋሉ። ዓይን «ቆመናል» ሲል ጆሮ «እየዞርን ነው» ይላል። ማዞሩ ይህ አለመግባባት ነው።

3. ሰዓት ይያዙ

ራስን ሲያንቀሳቅሱ የሚነሳና ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆይ ከሆነ ክሪስታሎቹን ይጠርጥሩ። ከ20 ደቂቃ እስከ ብዙ ሰዓት እየቆየ የሚመላለስ፣ አንድ ጆሮ የሚደፍንና የሚያስጮህ ከሆነ የሜኒየር በሽታ የሚባለው የውስጥ ጆሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። ለቀናት ሳያቋርጥ የሚያዞር ብዙ ጊዜ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ነው።

4. ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችን ይወቁ

ከማዞሩ ጋር ንግግር ከተኮላተፈ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ጨርሶ መቆም ካቃተ ወይም ታይቶ የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ድንገት አንድ ጆሮ መስማት ካቆመም ቀን አይቁጠሩ።

5. ክሪስታሎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሱ

ቀጥሎ ያለው አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ያመጣው ዘዴ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ባለሙያ ቢያሠራዎት ይመረጣል፤ የአንገት ወይም የዓይን ሬቲና ችግር ያለበት ሰው ለብቻው አይሞክረው። ወደ ቀኝ ዞረው ሲተኙ የሚያዞርዎት ከሆነ የታመመው ቀኝ ጆሮ ነው ብለን እንነሳ፤ ለግራ ጆሮ አቅጣጫውን ይገልብጡት።

አልጋ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፤ ሲተኙ ከትከሻዎ ሥር የሚውል ትራስ ከኋላዎ ያድርጉ። ፊትዎን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዙሩ። እንዳዞሩ ፈጠን ብለው በጀርባዎ ይተኙ፤ ራስዎ ከትከሻዎ ትንሽ ዝቅ ይበል። እዚህ ላይ ማዞሩ ይነሳል፤ ዓይኖችም ይርገበገባሉ። አይደንግጡ፣ አይነሱ፤ ክሪስታሎቹ እየተንቀሳቀሱ ነው። ማዞሩ ካቆመ በኋላ እንኳ 30 ሰከንድ ይቆዩ። ራስዎን ሳያነሱ ፊትዎን 90 ዲግሪ ወደ ግራ ያዙሩና 30 ሰከንድ ይጠብቁ። አሁን መላ አካልዎን በግራ ጎን ያስተኙ፤ አፍንጫዎ ወደ ወለሉ ይመልከት። ሌላ 30 ሰከንድ። በመጨረሻ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ አድርገው በግራ በኩል ቀስ ብለው ይነሱ።

ወዲያው አይቁሙ፤ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ፤ የሚደግፍዎ ሰውም አጠገብዎ ይኑር። አንዳንዱን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፣ ሌላው ለጥቂት ቀናት መደጋገም ያስፈልገዋል። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለዎት ወደ ሐኪም ይመለሱ፤ ክሪስታሎቹ በሌላ ቱቦ ውስጥ ከሆኑ የሚያወጣቸው ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው።