አይደርቄ ሳሙና ሆኖ ሲያስቸግረኝ

የባቲ ሰው አይደርቄ የሚለውን ጃትሮፋ ታውቁት ይሆናል። ለአጥር ይተከላል፤ መርዛማ ስለሆነ ከብት አይደፍረውም። እኔ ከዘሩ ዘይት ጨምቄ ባዮዲዝል፣ ማለትም ከዘይት የሚሠራ የናፍጣ ምትክ፣ ልሠራ ተነሳሁ።

ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ። ግሊሰሪኑ (ከዘይቱ ተለይቶ የሚወጣው ወፍራም ተረፈ ምርት) ከታች፣ ነዳጁ ከላይ መለየት ሲገባቸው ሁሉም እንደ አጥሚት ወፈረ። ዘይቱ ወደ ነዳጅ እንዲለወጥ የሚያፋጥነው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያነሰ መሰለኝና ጨመርኩበት። ባሰበት! ለካ ሳሙና እያበሰልኩ ነበር።

ጥፋቱ የዘይቱ ነው። ዘሩ ከርሞ ስለነበር ነፃ ፋቲ አሲዱ (ዘይት ሲቆይ ተለይቶ የሚወጣው አሲድ) በዝቷል፤ እሱ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ ሲያገኝ ሳሙና ነው የሚሆነው። አሲዱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በአይሶፕሮፒል አልኮል አሟሙቼ፣ ቀለሙን የሚቀይር ጠቋሚ ጨምሬ፣ በሊትር 1 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ባለው ውሃ ለካሁት። ቀለሙ እስኪቀየር 14 ሚሊ ሊትር ጠጣ፤ አሲዱ ብዙ ነው ማለት ነው። ከመጀመሪያው መለካት ነበረብኝ፤ ስንፍና ነው።

ከዚያ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ዘይቱን መንጣጣቱን እስኪያቆም አሙቄ ውሃውን አስወጣሁ። ሲበርድ፣ ነፃ ፋቲ አሲዱ ከሳሙና ይልቅ ነዳጅ እንዲሆን፣ ሜታኖል (የማይጠጣ የአልኮል ዓይነት) እና ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሬ፣ በተከደነ ዕቃ በ60 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አማሰልኩት። ሜታኖል 65 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ትነቱ መርዝም ተቀጣጣይም ስለሆነ ማድቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። አሳድሬ ከላይ የተንሳፈፈውን ሜታኖልና ውሃ ቀዳሁ። እንደገና ስለካው 2 ሚሊ ሊትር ብቻ!

የቀረው የተለመደው ሥራ ነው፤ ሃይድሮክሳይድ በሜታኖል አሟሙቶ መጨመር። በማግስቱ ግሊሰሪኑ ጠቁሮ ከታች ተኝቷል፣ ከላይ እንደ ጠጅ ቢጫ ነዳጅ።