የድሮን ክንድ ከኮምፖዚት ስንሠራ ንዝረት የሚያመጡብን ስህተቶች

ወርክሾፓችን ሱሉልታ ውስጥ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት። ለመሬት ቅየሳ የሚውሉ ድሮኖችን ክንድና ክንፍ ከካርቦን ፋይበርና ከፋይበር ግላስ ጨርቅ፣ ኢፖክሲ በሚባል ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ (ሬዚን) እያጣበቅን እንሠራለን፤ ኮምፖዚት የምንለው ይህንኑ የጨርቅና የሬዚን ጥምር ነው። እስካሁን ያበላሸነው ቢቆለል ግቢውን ይሞላል። አብዛኛው የተበላሸው በንዝረት ነው፤ እየደጋገምን የሠራናቸው ስህተቶችም እነዚሁ ናቸው።

«ካርቦን ነው፣ አይንቀጠቀጥም» ማለት

ከደንበኛም ከተማሪም የምሰማው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 በክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት መሆኑን የሰማ ሁሉ ቁሱ ንዝረትን በራሱ የሚውጥ ይመስለዋል። አንድ ሊትር ቦታ የሚይዝ የካርቦን ኮምፖዚት 1.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ አሉሚኒየም ግን 2.7። ቀላልና ግትር መሆኑ እውነት ነው። ግን የክራር ክር ስታከሩት ድምፁ ይቀጥናል እንጂ ዝም አይልም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ፋይበሩ ንዝረት የመዋጥ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ንዝረቱን ወደ ሙቀት የሚለውጠው በአብዛኛው ሬዚኑ ነው። በሁለት ቀጭን የካርቦን ገጾች መካከል ፎም የገባበት ሰሌዳማ ጭራሽ እሳት የሞቀ ከበሮ ነው።

የሞተሩን ዙር ሳያሰሉ ክንድ መቁረጥ

በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር ክንዱን በሰከንድ 100 ጊዜ ይገፋዋል፤ ፕሮፔለሩ ባለሁለት ምላጭ ከሆነ የ200ም ግፊት አለ። ክንዱ ሲነካ በራሱ የሚርገበገብበት ቁጥር ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ከገጠመ ንዝረቱ ይባባሳል። እኛ ለቆላ አገር የተሰላ ንድፍ ወስደን እንዳለ ሠራነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፕሮፔለሩ ከ15 በመቶ በላይ ፈጥኖ መዞር አለበት። 100 የነበረው 117 አካባቢ ደረሰ፣ ክንዳችንም እዚያው ይጠብቀው ነበር። ፎቶው ሁሉ በውሃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ተጣመመ። ክንዱን አሳጥረን ነው የተገላገልነው።

ጤነኛ ፓምፕ መውቀስ

ይህኛው ሁለት ቀን በልቶብናል። ጨርቁን በሬዚን አርሰን፣ በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍነን አየሩን መሳብ ጀመርን። ልጁ መለኪያውን እያየ «ጋሼ፣ ፓምፑ ደክሟል፣ ከ0.7 ባር አላልፍ አለ» አለኝ፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 700 ግራም ያህል ግፊት ማለት ነው። ማሸጊያውን ቀየርን፣ የፓምፑን ዘይት ቀየርን፣ ቱቦ ገዛን። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ለካ ከረጢቱን የሚጫነው ውጭ ያለው አየር ነው፤ ፓምፑ የውስጡን ብቻ ነው የሚያወጣው። በባሕር ጠለል በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ያርፋል፣ እዚህ 740 ግራም ገደማ። የፈለጋችሁትን ፓምፕ ብታመጡ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ የበዛው ሬዚን በደንብ ተጨምቆ አይወጣም፣ የአየር ቀዳዳም ይቀራል። ጭድ ያነሰው ጭቃ ግድግዳ ማለት ነው። ሬዚን ሲበዛ ንዝረት የመዋጥ አቅም ትንሽ ይጨምራል፣ ሐሰት አልናገርም፤ ግን ክብደት ይጨምራል፣ ግትርነት ይቀንሳል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ንጣፉ መላቀቅ የሚጀምርባቸው ቦታዎች ይሆናሉ።

አሸዋ መጫንም ሞክረናል። 50 ኪሎ አሸዋ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ ቢጫን በካሬ ሴንቲ ሜትር 20 ግራም ብቻ ነው፤ የጎደለን ወደ 300 ይጠጋል። አሁን ጠፍጣፋውን ሥራ በሁለት ወፍራም ብረቶች መካከል አስገብተን በቡሎን እናጠብቀዋለን፤ ሬዚኑንም በሚዛን ለክተን ከጨርቁ ክብደት አናሳልፍም።

ጎማ የትም መለጠፍ

ንዝረት ሲያስቸግር ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ውጭ ላይ ጎማ መለጠፍ ነው። ለስላሳ ንጣፍ በደንብ የሚሠራው በሁለት ግትር ንጣፎች መካከል ሲታሰር ነው፤ ክንዱ ሲታጠፍ ላይኛውና ታችኛው በተቃራኒ ይጎትቱታል፣ እሱም እየታሸ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቦታው ደግሞ ክንዱ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ሥር ነው፣ መታጠፉ የሚበረታው እዚያ ነውና። ጫፉ ላይ ስትለጥፉት ትርፉ ክብደት ብቻ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት 12 ሰዓት የሞከርነው ንጣፍ ድንጋይ ሆኖ ነበር፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ ግን ያው ንጣፍ ንዝረቱን ጥሩ አድርጎ ዋጠው። ሥራው በሚበርበት ሰዓት ሙቀት ሞክሩት።

ጨርቁን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መደርደርም አለ። በ45 ዲግሪ የተኛ ንጣፍ ከሌለ ክንዱ ይጠመዘዛል፤ አደራደሩ ከመሐል ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ዓይነት ካልሆነ ደግሞ ከሻጋታው ሲወጣ ይጎብጣል። ካርቦንን ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ አታገናኙ፤ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ንዝረቱም ይመለሳል። መሐላቸው አንድ ስስ ፋይበር ግላስ ይበቃል።

ሳያንኳኩ ማስረከብ

እኛ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ነው የምንጠቀመው። ጤነኛ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀ ቦታ ድፍን። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም አይሰማምና በክረምት ይህን ሥራ በጠዋት እንጨርሳለን። ከሰዓት ያንኳኳነው አንድ ክንፍ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ።